በዓሣ የተሞላ እንቁላል፦ ከእንግዳ ትሪ እስከ ልጆች ማዕድ

በዛሬው የጤናና የሥነ ምግብ ዓምዳችን ለዒድ፣ ለኒካሕ፣ ለዐቂቃ ወይም ለኢፍጣር ዋናው ምግብ ከመምጣቱ በፊት ለእንግዳ የሚቀርብ አንድ ቀላል ምግብ ይዘንላችሁ ቀርበናል። እርሱም በዓሣ የተሞላ እንቁላል ነው። አሠራሩን ብቻ ሳይሆን ለቢቸናና ለሞጣ፣ በአጠቃላይም ለምሥራቅ ጎጃም ቤተሰብ ለምን እንደሚበጅ፣ ጥንቃቄ ሲጎድለውም ምን ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል አብረን እንመለከታለን።

ምግቡ ከየት መጣ?

ምዕራባውያን ይህን ምግብ በሸይጣን ስም ይጠሩታል። ስሙን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች ቅር ሲላቸው ይታያል። ነገሩ ግን ከእምነት ጋር የሚያገናኘው የለም፤ እንግሊዞች በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰናፍጭና በርበሬ በዝቶበት አፍ የሚያቃጥለውን ምግብ ሁሉ እንዲያ ብለው መጥራት በመጀመራቸው የቀረ ስም ነው። ምግቡ ራሱ ከስሙ በብዙ ዘመን ይቀድማል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በሙስሊሞቹ የአንደሉስ ምድር የተዘጋጀ የምግብ አሠራር መጽሐፍ የተሞላ እንቁላል አሠራርን ያስተምራል። እንቁላሉ ተቀቅሎ ለሁለት ይከፈላል፤ አስኳሉ ከድንብላል፣ ከሽንኩርት ጭማቂ፣ ከቁንዶ በርበሬ፣ ከዘይትና ከጨው ጋር ታሽቶ ተመልሶ ይሞላል። ከዚያም ሁለቱ ግማሾች ገጥመው በቀጭን እንጨት ይያያዛሉ። ስለዚህ ይህን ምግብ በማዕዳችን ላይ ስናቀርብ እንግዳ ነገር እያመጣን አይደለም። ስሙንም «የተሞላ እንቁላል» ማለቱ ይበቃናል።

ለምን እንቁላልና ዓሣ?

እንደሚታወቀው ምሥራቅ ጎጃም የእህል አገር ነው። የቢቸና ጤፍ በአዲስ አበባ ገበያ ሳይቀር ስሙ ይጠራል። ነገር ግን የሆድ መጥገብና የሰውነት መገንባት አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳመለከተው በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 46ቱ የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ ነበሩ። የአገሪቱ አማካይ በዚያው ጥናት 38 ነበር። እህል የሞላበት ክልል ከአገሪቱ አማካይ በላይ የቀነጨሩ ልጆች መያዙ ሊያሳስበን ይገባል።

የመቀንጨር ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የውኃ ንጽሕና፣ ተደጋጋሚ ተቅማጥ፣ የእናት የእርግዝና ጊዜ አመጋገብ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ከዋነኞቹ አንዱ ግን ልጆች ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ እምብዛም አለማግኘታቸው ነው። ዶሮ በየጓሮው አለ፤ እንቁላሉ ግን ብዙውን ጊዜ ለጨውና ለሳሙና መግዣ ወደ ገበያ ይወጣል። የቀረውም ለእንግዳ ይቀመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ የታተመ በኢኳዶር የተደረገ ጥናት ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ዕድሜ ላይ የነበሩ ሕፃናት ለስድስት ወራት በቀን አንድ እንቁላል ሲመገቡ መቀንጨራቸው በግማሽ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ከዚያ በኋላ በማላዊ የተደረገ ተመሳሳይ ጥናት ግን በቁመት ላይ ይህን ለውጥ አላገኘም። ተመራማሪዎቹ ከሰጧቸው ማብራሪያዎች አንዱ የማላዊዎቹ ልጆች ቀድሞውንም ከሐይቅ የሚወጣ ዓሣ የሚመገቡ መሆናቸው ነው። ከሁለቱ ጥናቶች ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት እንቁላል ብቻውን መድኃኒት አለመሆኑ፣ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ግን ለጎደለው ልጅ ትልቅ ለውጥ ሊያመጣ መቻሉ ነው።

እንቁላል የተሟላ ፕሮቲን፣ ቫይታሚን ኤ፣ ቫይታሚን ቢ12 እና ለአንጎል ዕድገት የሚያስፈልገውን ኮሊን ይዟል። ዓሣም እንዲሁ በቀላሉ የሚፈጭ ፕሮቲን አለው። ከዚህ በታች በምናቀርበው አሠራር የተዘጋጀ አንድ የሐበሻ እንቁላል፣ ማለትም ሁለት ግማሽ፣ ከ8 እስከ 10 ግራም የሚደርስ ፕሮቲን ይሰጣል። በዘይት ተጠብሶ ከሚቀርበው ሳምቡሳ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ የሚጨመርበት ዘይት በጣም ጥቂት ነው።

ዓሣውን ከየት እናገኛለን?

አገራችን የባሕር በር የላትም። ሆኖም ጣና ሐይቅ ከሞጣ ብዙ አይርቅም፤ በአዴት በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። በጣና ዳርቻ የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን በደንገል ታንኳ ዓሣ ማስገር ከጥንት ጀምሮ ኑሯቸው ነው። ከሐይቁ በብዛት የሚወጡት ቆሮሶ፣ አምባዛና በአካባቢው ነጭ ዓሣ የሚባለው ናቸው። ለዚህ ምግብ የምንመርጠው ቆሮሶን ነው። ሥጋው ነጭና ለስላሳ፣ አጥንቱም ትልልቅ በመሆኑ ለመልቀም ይመቻል። ነጭ ዓሣ በሥጋው ውስጥ የተሰገሰጉ ቀጫጭን አጥንቶች ስላሉት ለልጆች ያሰጋል።

ትኩስ ዓሣ ካልተገኘ በየሱቁ የሚሸጠው የታሸገ ሰርዲን ወይም ቱና ይተካዋል። ሰርዲን ለልብ የሚጠቅም ቅባት አለው፤ ለስላሳ አጥንቱ አብሮ ስለሚበላም ካልሲየም ይሰጣል። ጣሳው ያበጠ፣ የዛገ ወይም የተጎዳ ከሆነ አትግዙት። የአገልግሎት ጊዜውንም ተመልከቱ።

ሐላልነቱና የጎረቤት ማዕድ

የባሕርና የውኃ አደን መፈቀዱ በሱረቱል ማኢዳህ 96ኛው አንቀጽ ላይ ተገልጿል፤ ዓሣም ማረድ አያስፈልገውም። በዚህ ላይ ዑለሞች ይስማማሉ። ሸሪምፕንና የመሳሰሉትን በተመለከተ ግን በሐነፊ መዝሀብ ዘንድ የሐሳብ ልዩነት አለ፤ ዓሣ መምረጡ ከዚህ ሁሉ ያሳርፋል።

ሌላም ጥቅም አለው። በቢቸናም ሆነ በሞጣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በሰርግና በሐዘን የሚጠራራ ጎረቤት ነው። በሥጋ ጊዜ ግን አንዱ ያረደውን ሌላው ስለማይበላ ማዕዱ ይለያያል። ዓሣና እንቁላል ቢላዋና እርድ ስለሌለባቸው ሁሉም ከአንድ ትሪ ሊያነሣ ይችላል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እናስታውሳችሁ። አንደኛ፣ ብዙ ኦርቶዶክሳውያን ቅርፊት የሌለውን አምባዛን ስለማይበሉ ቅርፊት ያለውን ቆሮሶ ምረጡ። ሁለተኛ፣ በጾም ወቅት እንቁላል አይበሉም። ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም ዒድ አልፈጥር የዋለው ሚያዝያ 2 ረቡዕ፣ በዐቢይ ጾም ውስጥ ነበር። እንዲህ ባለው ቀን ለጎረቤት በሰናፍጭ የተለወሰ አዚፋ ለብቻው ማዘጋጀት አክብሮታችሁን ይገልጻል።

አስፈላጊ ነገሮች (ለ24 ግማሾች)

- 12 እንቁላል
- 250 ግራም አጥንቱ የወጣለት የቆሮሶ ሥጋ፣ ወይም ዘይቱ የተንጠፈጠፈ 2 ጣሳ ሰርዲን
- 1 የሻይ ማንኪያ የሰናፍጭ ዱቄት
- 2 የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት
- 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ
- 1 ትንሽ ቀይ ሽንኩርት፣ በደቃቁ የተከተፈ
- 1 ቃሪያ፣ ፍሬው ወጥቶ በደቃቁ የተከተፈ
- 2 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት
- ጥቂት ቁንዶ በርበሬ፣ አዮዲን ያለው ጨው፣ ከላይ የሚነሰነስ ሚጥሚጣ

ማዮኔዝ አላስገባንም። ቤት ውስጥ የሚሠራው ጥሬ እንቁላል ስላለበት ያሰጋል። ከውጭ ከሚገቡ የሰናፍጭ ቅባቶችም አንዳንዶቹ በወይን ጠጅ ስለሚዘጋጁ ጽሑፉን ሳታነቡ አትግዙ። የአገራችን ሰናፍጭ ከሁሉም ይበልጣል።

አዘገጃጀት

1. የሰናፍጩን ዱቄት በጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ ለውሳችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት። የሚያቃጥለው ጣዕሙ የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው።

2. እንቁላሎቹን በሚፈላ ውኃ ውስጥ ቀስ ብላችሁ አስገቡ። ከመጽሐፍ ላይ የምታገኙት የ10 ደቂቃ መመሪያ ለእኛ አይበቃም። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በመሆኑም አስኳሉ እስኪጠና ድረስ 15 ደቂቃ ቀቅሉ። በአስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት ካያችሁ ብዙ ጊዜ ከመቆየቱ የመጣ ነው፤ ጉዳት የለውም።

3. ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ አዛውሩ። ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ ውኃው ወደ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የታከመ ውኃ ይሁን። ትናንት የተጣለ እንቁላል ለመላጥ ያስቸግራል፤ ሳምንት ያህል የቆየው ይሻላል። በውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን ግን ተጠራጠሩት።

4. ዓሣውን ከነጭ ሽንኩርትና ከጥቂት ጨው ጋር በትንሽ ውኃ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ቀቅሉ። ሥጋው ነጭ ሆኖ በሹካ ሲነካ ከተፈረፈረ በስሏል። ሲቀዘቅዝ በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ አጥንቱን ልቀሙ፤ ይህን ሥራ ለዓይን ብቻ አትተዉት። ከዚያ አድቅቁት።

5. እንቁላሉን በቁመቱ ለሁለት ክፈሉ፤ አስኳሉን አውጥታችሁ በሹካ አድቅቁ። ዓሣውን፣ ሰናፍጩን፣ ዘይቱን፣ ሎሚውን፣ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውንና ቁንዶ በርበሬውን ጨምራችሁ አዋሕዱ። ከደረቀባችሁ አንድ ሁለት ማንኪያ የዓሣውን መረቅ ጨምሩ። ጨውን መጨረሻ ላይ ቀምሳችሁ አስተካክሉ።

6. በማንኪያ ሙሉና ሚጥሚጣ ነስንሱ። የልጆቹን ግን ሚጥሚጣ ሳይነካው ለዩ።

ጨው አዮዲን ያለው ይሁን ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሐይቅ ዓሣ እንደ ባሕር ዓሣ በቂ አዮዲን አይሰጥም። እንቅርትና በማሕፀን ያለ ሕፃን የአንጎል ጉዳት ከአዮዲን እጥረት ይመጣሉ።

ጥንቃቄ፦ ሁለት ሰዓት

ይህ ምግብ የሚያምረውን ያህል በጥንቃቄ ካልተያዘ ያሳምማል። የተቀቀለ እንቁላልና ዓሣ ለተሕዋስያን የተመቸ ማደሪያ ነው። ተዘጋጅቶ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። በሰርግ ቤት ጠዋት ተሞልቶ ከዙህር በኋላ የሚቀርብ ከሆነ ትውከት፣ ተቅማጥና ትኩሳት ሊያስከትል ይችላል። በተለይ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን አደጋው ይከፋል።

ማቀዝቀዣ ለሌላችሁ ወይም መብራት ለሚቋረጥባችሁ መፍትሔው ቀላል ነው። እንቁላሉን ሳትልጡ፣ ሽንኩርትና ቃሪያውን ከትፋችሁ አዘጋጁ፤ ዓሣውን መቀቀልና እንቁላሉን መሙላት ግን እንግዳው ሊገባ ሲል ይሁን። ለኢፍጣርም ከዐስር ሰላት በኋላ ብትጀምሩ ይደርሳል። የተረፈውን ለነገ አታሳድሩ።

ዓሣ ስትገዙ «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የሚለውን አትርሱ። ዓይኑ የጠራና ያልጎደጎደ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን። ጥሬ ዓሣ የነካ ቢላዋና መክተፊያ በሳሙና ሳይታጠብ እንቁላል አይክፈልበት። የእንቁላል ቅርፊት የነካ እጅም ይታጠብ።

ለማን፣ ምን ያህል?

ጤነኛ አዋቂ በቀን አንድ እንቁላል ቢበላ አይጎዳም። የስኳር ሕመም ወይም ከፍተኛ ኮሌስትሮል ያለበት ሰው መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስን። የእንቁላል ወይም የዓሣ አለርጂ ያለበት አይንካው። ስድስት ወር የሞላው ሕፃን እንቁላሉንና አጥንቱ በጥንቃቄ የተለቀመለትን ዓሣ በደንብ አድቅቃችሁ፣ ሰናፍጭና ሚጥሚጣ ሳይገባበት፣ ከጡት ወተት ጋር በጥቂቱ ልታስጀምሩት ትችላላችሁ።

ውድ እናቶችና አባቶች፣ እንግዳ ማክበር የእምነታችን ክፍል ነው፤ ጎጃምም በእንግዳ አቀባበሉ ይታወቃል። ነገር ግን ትሪው ወደ ሳሎን ሲያልፍ ልጆችና ነፍሰ ጡሯ እናት ከጓዳ ሽታውን ብቻ ማሽተት የለባቸውም። ከ24ቱ ግማሾች ጥቂቱን አስቀድማችሁ ለእነርሱ ለዩ። ከበዓሉ በኋላም ከጓሮ ከሚሰበሰበው እንቁላል በሳምንት ሦስት አራቱን ከገበያ አስቀርታችሁ ለልጆች ብታደርጉ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደተባለው፣ ፍሬውን በልጆቻችሁ ቁመትና ትምህርት ላይ ታዩታላችሁ፣ ኢንሻአላህ።

አላህ ጤናውንና በረካውን ይስጠን። በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።