ፍጥነት፣ ጎማና ቅጣት፦ የናስካር ያልተቋጨ ክርክር

ስቶክ ካር የሚባለው እሽቅድድም፣ ማለትም ውጫዊ ቅርጻቸው ለገበያ የሚቀርቡ የቤት መኪኖችን እንዲመስል ተደርገው በተሠሩ መኪኖች፣ አብዛኛውን ጊዜ በሞላላ መም ላይ የሚካሄደው የአሜሪካውያን ስፖርት፣ ከተመሠረተ ጀምሮ በሦስት ጉዳዮች ሲከራከር ኖሯል፤ እነርሱም የመኪኖቹ የፍጥነት ወሰን፣ የጎማዎቹ አስተማማኝነትና ደንብ በሚጥሱ ቡድኖች ላይ የሚጣለው ቅጣት ናቸው። የስፖርት ዜና ሦስቱን ነጣጥሎ ያቀርባቸዋል፤ አንድ ሳምንት የአንድ ቡድን ነጥብ መቀነሱ ሲዘገብ በሌላው ሳምንት ጎማ መፈንዳቱ ይነገራል። ጠጋ ብሎ ለሚመረምረው ግን ሦስቱም የሚመነጩት ከአንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም አደጋውን የሚሸከመው አሽከርካሪ፣ ደንቡን የሚያወጣው አዘጋጅና ጎማውን የሚያቀርበው ኩባንያ የተለያዩ ወገኖች ሲሆኑ የአደጋውን መጠን የመወሰን ሥልጣን የማን ነው የሚለው ነው።

ይህን ስፖርት የሚመራው፣ ናስካር በሚል አህጽሮት የሚታወቀው አካል በ1947 መጨረሻ በፍሎሪዳ፣ ዴይቶና ቢች በተደረገ ስብሰባ ተጠንስሶ በ1948 ተመሠረተ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መሥራቹ ቢል ፍራንስ ሲሆን፣ ድርጅቱ በስሙ ማኅበር ይባል እንጂ እንደ አባላት ማኅበር በድምፅ ብልጫ የሚመራ ሳይሆን የፍራንስ ቤተሰብ ንብረት ሆኖ የቆየ ኩባንያ ነው። ይህን ልብ ሳይሉ የኋላውን ውዝግብ መረዳት አይቻልም። የመጀመሪያው የዋናው ምድብ ውድድር በሰኔ 1949 በሰሜን ካሮላይና፣ ሻርለት ሲካሄድ አንደኛ የወጣው ግሌን ዳናዌይ ከምርመራ በኋላ ተሰረዘ፤ ምክንያቱም የመኪናው የኋላ ባሌስትራ ከፋብሪካ እንደወጣ አልነበረም። በዘመኑ በደቡባዊ ግዛቶች በድብቅ የሚጠመቅ ውስኪ የሚያመላልሱ ሰዎች መኪናቸው ጭነት ችሎ እንዲሮጥ ባሌስትራውን ማጠናከር የተለመደ ዘዴያቸው ነበር። ድሉ ለካንሳሱ ጂም ሮፐር ተሰጠ፤ የመኪናው ባለቤት 10,000 ዶላር ጠይቆ ቢከስም ዳኛው አዘጋጁ ደንቡን የማስከበር መብት እንዳለው በመቀበል ክሱን ውድቅ አደረገው። ስለዚህ የናስካር ዋና ምድብ የመጀመሪያ ውድድር ቅጣትንም የፍርድ ቤት ሙግትንም ይዞ ነው የተወለደው።

የፍጥነቱ ጥያቄ የከረረው ግን ትልልቆቹ መሞች ከተሠሩ በኋላ ነው። በ1959 የተከፈተው የዴይቶና መም 4 ኪሎ ሜትር ርዝመት ሲኖረው መታጠፊያዎቹ 31 ዲግሪ ያዘነበሉ ናቸው፤ በመስከረም 1969 በአላባማ የተከፈተው ታላዴጋ ደግሞ 4.28 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ መታጠፊያውም 33 ዲግሪ ያጋደለ ነው። የዚህ ዘመምታ ጥቅም መኪናው መታጠፊያ ላይ ፍሬን ሳይዝ እንዲያልፍ ማስቻሉ ነው፤ ዋጋው ግን በጎማ ይከፈላል። መኪኖቹ ሁልጊዜ ወደ ግራ ስለሚታጠፉ ክብደታቸው በቀኝ በኩል ባሉት ጎማዎች ላይ ይጫናል፤ በዚያ ላይ የመታጠፊያው ግፊት መኪናውን ወደ መሬት ይጫነዋል፣ የጎማው ጎን በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል ይዘረጋል፣ መታጠፍና መዘርጋቱ ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱ በጎማው ንብርብሮች መካከል ያለውን ማጣበቂያ ያላላዋል፤ በመጨረሻም የላይኛው ሽፋን ተገሽልጦ ይወጣል። በዚህ ምክንያት የቀኝና የግራ ጎማዎች የሚሠሩት ከተለያየ የላስቲክ ቅመም ነው። ቡድኖቹም ተራ አየር ሳይሆን እርጥበት የሌለው ናይትሮጅን ይሞላሉ፤ እርጥበት ያለው አየር ሲግል ግፊቱ ምን ያህል እንደሚጨምር ለመገመት ያስቸግራልና።

ይህ ዕውቀት በነፃ አልተገኘም። ጂሚ ፓርዱ በመስከረም 1964 በሻርለት፣ ቢሊ ዌድ በጥር 1965 በዴይቶና ሕይወታቸው ያለፈው በውድድር ላይ ሳይሆን የጎማ ሙከራ ሲያደርጉ ነው። ጉድይር የተባለው የጎማ አምራች ዋናው ጎማ ቢፈነዳ መኪናውን ለጥቂት ጊዜ የሚሸከም ሁለተኛ ጎማ በውስጡ የማስገባቱን ዘዴ ያዳበረው በእነዚያ ዓመታት ነው።

ታላዴጋ ሊከፈት ሲል የተፈጠረው ክስተት የጥያቄውን ባሕርይ ከሁሉ ይልቅ አጋልጦ ያሳያል። በልምምድ ቀናት መኪኖቹ በሰዓት ወደ 320 ኪሎ ሜትር ሲጠጉ ጎማዎቹ ከጥቂት ዙር በኋላ ይቀደዱ ጀመር። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ አሽከርካሪዎች በሪቻርድ ፔቲ መሪነት የሙያ ማኅበር አቋቁመው ስለነበር ውድድሩ እንዲራዘም ጠየቁ፤ ፋየርስቶን የተባለው አምራችም ጎማውን ይዞ ወጣ። ቢል ፍራንስ ግን አልተበገረም፤ በ59 ዓመቱ ራሱ መኪና ውስጥ ገብቶ በሰዓት ወደ 280 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት መሙን እየዞረ ሥጋቱ የተጋነነ መሆኑን ለማሳየት ሞከረ። ድፍረቱ የሚደነቅ ነው፤ ማስረጃነቱ ግን ደካማ ነበር፤ አሽከርካሪዎቹ የፈሩት ብቻውን የሚዞር መኪና ሳይሆን ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት እርስ በርሱ ተጠጋግቶ የሚሮጥ ሰልፍ ነውና። አብዛኞቹ ታዋቂ ተወዳዳሪዎች መኪናቸውን ጭነው ሄዱ፤ ፍራንስም ከዝቅተኛ ምድብ በመጡ ተተኪዎች ውድድሩን አካሄደ፤ ሪቻርድ ብሪክሃውስ አሸነፈ፤ ተመልካቾችም ቲኬታቸውን ይዘው ሌላ ውድድር እንዲያዩ ተፈቀደላቸው። የአሽከርካሪዎቹ ማኅበር ብዙም ሳይቆይ ከሰመ፤ በናስካር ከዚያ ወዲህ ከአዘጋጁ ጋር በኃይል የሚደራደር የአሽከርካሪዎች ማኅበር አልታየም።

ፍጥነቱ ግን ማደጉን አላቆመም። በ1987 የጸደይ ውድድር የጊዜ ሙከራ ቢል ኤሊየት በታላዴጋ በሰዓት 342.48 ኪሎ ሜትር ሮጠ፤ ይህ የናስካር ክብረ ወሰን እስከ ዛሬ አልተሰበረም፤ እንዳይሰበር ያደረገው በኋላ የወጣ ደንብ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ በዋናው ውድድር ላይ የቦቢ አሊሰን ሞተር ተበላሽቶ ስብርባሪው የኋላ ጎማውን ቀደደው፤ መኪናው ወደ ኋላ ዞሮ ከመሬት ተነሣና ተመልካቹን ከመም የሚለየውን አጥር 30 ሜትር ያህል ገሽልጦ ወደ ውስጥ ተመለሰ። የአጥሩ ሽቦ ገመዶች ባይይዙት ኖሮ መኪናው የሚያርፈው ሕዝቡ መካከል ነበር። ተመልካቾች ቆሰሉ፣ ውድድሩ ከሁለት ሰዓት በላይ ተቋረጠ፤ ሲቀጥል ያሸነፈው የአሊሰን ልጅ ዴቪ ነበር።

ከ1988 ጀምሮ በዴይቶናና በታላዴጋ ሬስትሪክተር ፕሌት የተባለው መሣሪያ ግዴታ ሆነ። ይህ በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል የሚገባ አራት ቀዳዳ ያለው ስስ ዝርግ ብረት ሲሆን፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር በመቀነስ ጉልበቱን ያዳክም ነበር። ፍጥነቱ ቀነሰ፤ አደጋው ግን መልኩን ለወጠ። ሁሉም መኪኖች በእኩል ደረጃ ስለተዳከሙ አንዱ ሌላውን ጥሎ መሄድ አቃተው፤ ሠላሳና አርባ መኪና ክንድ በማይሞላ ርቀት ተያይዞ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ይጓዝ ጀመር፤ ከመካከላቸው አንዱ ሲንሸራተት ሃያው ተከትሎ ይላተማል። አሽከርካሪዎች ይህን ግጭት «ትልቁ» ብለው ሰይመውታል። በ2019 ዝርጉ ብረት ሾጣጣ ቀዳዳ ባለው ሌላ ገዳቢ ቢተካም የመንጋው ሩጫ አልቀረም። እዚህ ላይ አንድ የማይመች እውነት አለ፤ ተመልካቹ ይህን ዓይነት ውድድር ይወደዋል፣ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም እንደዚያው። ስለዚህ ተመልካቹን ከመኪና ለማዳን የወጣው ደንብ አሽከርካሪውን ለተደጋጋሚ ግጭት አጋልጦ ሳለ ለመሻር አስቸጋሪ ሆኗል። በየካቲት 2001 ዴል ኧርንሃርት በዴይቶና 500 የመጨረሻ ዙር ከሞተ በኋላ የአንገት መደገፊያ ግዴታ መሆኑና በየመሙ ከኮንክሪት ግድግዳው ፊት ግጭትን የሚያለዝብ የብረትና የፎም ግድግዳ መተከሉ ብዙ ሕይወት አድኗል፤ ሁለቱም ግን የግጭቱን ጉዳት ይቀንሳሉ እንጂ መንጋውን አይበትኑም።

ቅጣትን በሚመለከት የናስካር ታሪክ ወጥነት የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጥቅምት 1983 ሪቻርድ ፔቲ በሻርለት ሲያሸንፍ ሞተሩ ከተፈቀደው 358 ኪዩቢክ ኢንች በልጦ ወደ 382 የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ፤ በዚያ ላይ በቀኝ በኩል የተገጠሙት ለግራ በኩል የተሠሩ፣ ለስለስ ብለው መሬቱን ይበልጥ የሚይዙ ጎማዎች ነበሩ። ቡድኑ 35,000 ዶላርና 104 ነጥብ ተቀጣ፤ ድሉ ግን አልተነጠቀም። አዘጋጁ ለረጅም ዘመን የያዘው አቋም ተመልካቹ ከስታዲየም ሲወጣ ያየው አሸናፊ በማግስቱም አሸናፊ ሆኖ መቆየት አለበት የሚል ነበር። ይህ አቋም የተተወው በ2019 ነው፤ በሐምሌ 2022 ደግሞ በፖኮኖ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ዴኒ ሃምሊንና ካይል ቡሽ በመኪናቸው አፍንጫ ላይ ያልተፈቀደ ልጥፍ በመገኘቱ ተሰርዘው ድሉ ለቼዝ ኤሊየት ተላለፈ። በዋናው ምድብ አሸናፊ ሲሰረዝ ከ1960 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ቡድኖች ጎማን የሚነካኩት ለምን እንደሆነ በ2015 የራያን ኒውማን ቡድን ጉዳይ ግልጽ ይሆናል። ጎማው ሲግል በውስጡ ያለው ግፊት ጨምሮ ይወጠራል፣ ሲወጠር መሬት የሚነካው ክፍል ይጠባል፣ መኪናውም መያዣ ያጣል፤ ስለዚህ ትርፉ ግፊት ቀስ ብሎ እንዲወጣ በጎማው ላይ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች መብሳት ብዙ ቡድኖች የተጠረጠሩበት ዘዴ ነበር። ናስካር ጎማዎቹን ወስዶ ካስመረመረ በኋላ 75 ነጥብ፣ 125,000 ዶላርና የዋናውን መካኒክ የስድስት ውድድር እገዳ ወሰነ፤ በመጨረሻው ይግባኝ ነጥቡ ወደ 50፣ ገንዘቡ ወደ 75,000 ዝቅ አለ። እንዲህ ያለው ብልሃት በተቀደደ ጎማ ከግድግዳ ጋር ሊያላትም እንደሚችል ቡድኖቹ አያጡትም፤ ሆኖም በመቶኛ ሰከንድ ለሚለካ ጥቅም ሲሉ ይደፍሩታል።

የጎማ ዳዶ ጉዳይም እንዲሁ ነው። በዚያው 2015 ናስካር በእያንዳንዱ ቸርኬ አምስቱም ዳዶ መጥበቁን መቆጣጠር ተወ፤ ቡድኖችም ጊዜ ለመቆጠብ አንዳንዱን ሳያጠብቁ መኪናውን ይለቁት ጀመር። በሚያዝያ 2016 አሽከርካሪው ቶኒ ስትዋርት ይህ አንድ ቀን ሰው ይጎዳል ብሎ በይፋ በመተቸቱ 35,000 ዶላር ተቀጣ፤ በቀናት ውስጥ ግን አዘጋጁ ራሱ አምስቱም እንዲጠብቁ አዘዘ። ትችቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ተቺው መቀጣቱ ለብዙዎች የናስካርን አስተዳደር ጠባይ በአጭሩ ያሳየ ነበር።

በ2022 የመጣው አዲሱ መኪና ሁኔታውን በሁለት መንገድ ለወጠው። አንደኛ፣ አብዛኞቹን ክፍሎች ቡድኖች ራሳቸው መሥራታቸው ቀርቶ ከተወሰኑ አቅራቢዎች እንዲገዙ ተደረገ፤ ስለዚህ የተገዛን ክፍል መነካካት ከባድ ጥፋት ሆነ። የብራድ ኬሰሎውስኪ ቡድን በዚያው ዓመት 100 ነጥብና 100,000 ዶላር ተቀጣ። በ2023 የሄንድሪክ ቡድን አራት መኪኖች በኮፈናቸው የአየር ማስወጫ ምክንያት በድምሩ 400,000 ዶላርና በየመኪናው 100 ነጥብ ሲቀጡ፣ ቡድኑ አቅራቢው የላከው ክፍል ራሱ በልኩ አይገጥምም ብሎ ተሟገተ፤ የይግባኝ ጉባኤው የገንዘቡን ቅጣት አጽንቶ ነጥቡን መለሰ። ሁለተኛ፣ ቸርኬው ከ15 ወደ 18 ኢንች አድጎ በአንድ ዳዶ ብቻ የሚታሰር ሆነ፤ የጎማው ጎንም አጠረ። አየር ያለቀበት ጎማ ከዚያ ወዲህ መኪናውን መሬት ላይ አስቀምጦ ጨርሶ ሊያቆመው ይችላል።

የጎማው ተጠያቂነት የማን ነው የሚለው አሁንም አልለየለትም። ከ1997 ጀምሮ ብቸኛው አቅራቢ ጉድይር ነው። በ2008 በኢንዲያናፖሊስ ጎማዎቹ ከአሥር ዙር በላይ መቆየት ስላልቻሉ አዘጋጁ በየአሥርና አሥራ ሁለት ዙሩ ውድድሩን እያቋረጠ ጎማ ለማስቀየር ተገደደ፤ የመሙ ወለል በማሽን ተፍቆ እንደ ሞረድ የሻከረ ነበር፣ በወቅቱ አዲስ የነበረው መኪናም በቀኝ ጎማዎች ላይ የሚጥለው ጫና ከፍ ያለ ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙዎች ጥፋቱን በአምራቹ ላይ ጣሉ። በ2022 በቴክሳስ ጎማዎች ተራ በተራ ሲፈነዱ ግን ጉድይር ቡድኖቹ እርሱ ከመከረው በታች አየር መሙላታቸውን ጠቆመ፤ ቡድኖቹ ደግሞ ሕዳጉ ከልክ በላይ ጠባብ ነው አሉ። የሁለቱም ክርክር መሠረት አለው፤ ምክሩን አስገዳጅ የማድረግ ሥልጣን የነበረው ግን ሦስተኛው ወገን፣ ማለትም አዘጋጁ ነበር።

በመጋቢት 2024 በብሪስቶል ከዚህ የተለየ ነገር ሆነ። ከዚያ በፊት በነበረው መስከረም ያለ ችግር ያገለገለው ዓይነት ጎማ በቅዝቃዜው ቀን በአምሳ ዙር አካባቢ ያልቅ ጀመር፤ አዘጋጁ ለየቡድኑ ተጨማሪ ጎማ ፈቀደ፤ አሽከርካሪዎችም ጎማ እየቆጠቡ መንዳት ስለነበረባቸው መሪነቱ 54 ጊዜ ተቀያየረ። ይህን ያየ ሰው የሚያልቅ ጎማ ጉድለት ሳይሆን ሀብት ነው ማለት ጀመረ፤ ናስካርም በነሐሴ በሪችመንድ ቡድኖች ከመደበኛው ጎማ ሌላ ፈጥኖ የሚሮጥና ፈጥኖ የሚያልቅ ሁለተኛ ዓይነት እንዲመርጡ ፈቀደ። በዚያው ውድድር የመጨረሻ ዙር ኦስቲን ዲሎን ሁለት ተፎካካሪዎቹን ገጭቶ አሸነፈ። አዘጋጁ ድሉን ትቶለት ድሉ ያስገኝለት የነበረውን የማጣሪያ ውድድር ተሳትፎ ነጠቀው፤ ውሳኔውም በይግባኝ ጸና።