ከኮካ እስከ ጥቁር አንበሳ

በባቡር ከጦር ኃይሎች ወደ ልደታ ሲመጡ ኮካ ኮላ የሚባል ፌርማታ አለ። ሰፈሩንም ሰው ኮካ ይለዋል፤ የለስላሳው ፋብሪካ እዚያው አብነት አካባቢ ነው። ኮካ ኮላ አገራችን ውስጥ መታሸግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1946 ዓ.ም.፣ ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ጀምሮ ነበር። የአዲስ አበቤ ጥርስ ታሪክ ይጻፍ ቢባል ከእነዚህ ዓመታት መነሳት ይቻላል። ቀድሞ ጣፋጭ ማለት ማር ነበር፤ ማር ደግሞ የየዕለት ነገር አልነበረም።

ዛሬ ግን የጠዋት ሻይ በስኳር ነው። አቦል፣ ቶናና በረካውም እንዲሁ። በርጫ የሚቀመጠው ጫቱ ስለሚመረውና አፉን ስለሚያደርቀው ለስላሳ ሲጎነጭ ያመሻል። በአንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው።

ጥርስ የሚበላው ግን ስኳሩ ራሱ አይደለም። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን አሲድ ያደርጉታል፤ አሲዱ የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ያሟሟል። ምራቅ ጉዳቱን መጠገን ይችላል፤ ለዚህ ግን ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ፋታ ይፈልጋል። ስለዚህ ከመጠኑ ይልቅ ድግግሞሹ ይከፋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ሳያስበው ጥርሱን አሳርፏል፤ ከዘጠኝ በኋላ ያለውን የሻይ ብዛት ግን እሱ ያውቃል።

ብዙ ወላጅ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ በስተኋላ፣ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች፣ አራት መንጋጋዎች ያበቅላል። እነሱ ሲወጡ የሚወልቅ ጥርስ ስለሌለ አዲስ ጥርስ መምጣቱን ልብ የሚል የለም። ልጁ አመመኝ ሲል “የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል” ይባላል። እነዚያ መንጋጋዎች ግን ተተኪ የላቸውም፤ እስከ እርጅና ማኘኪያ እነሱ ናቸው። በላያቸው ያለው ስንጥቅ ጥልቅ ስለሆነ ምግብ ይሸጎጥበታል፤ ቀድመው የሚበሉትም ለዚህ ነው።

ሕመሙ ሲመጣ መንገዱ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ቅርንፉድ ይነከሳል፣ አረቄ ይጉመጠመጣል። ቅርንፉዱን አላጣጥልም፤ ውስጡ ያለው ዩጄኖል በእርግጥ ያደነዝዛል፣ ጥርስ ሐኪሞችም በጊዜያዊ መሙያ ይጠቀሙበታል። ከዚያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዲክሎፌናክና አሞክሳሲሊን ይገዛል። አንድ ሌሊት ሕመሙ ድንገት ይቆማል፣ ሰውየውም ተመስገን ብሎ ይረሳዋል። ብዙ ጊዜ ግን ነርቩ ሞቶ ነው። ኢንፌክሽኑ በሥሩ በኩል ወደ መንጋጋ አጥንት ይወርዳል፤ አንዳንዱ ላይ ከምላስ ሥርና አንገት አብጦ መተንፈሻ እስከ መዝጋት ይደርሳል። በጥርስ ይሞታል ወይ ለሚል መልሱ አዎ ነው።

ብዙዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ለመነቀል ነው፤ ይህንም ከስንፍና አልቆጥረውም። መንቀል በአንድ ቀን ያልቃል። ነርቭ አውጥቶ ሥሩን ማከም ግን ብዙውን ጊዜ ምልልስ አለው፤ ለቀን ሠራተኛ ምልልስ ማለት የቀረ የቀን ገቢ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን ደንብ ቁጥር 271 እንኳ ሰው ሠራሽ ጥርስንና ከሕመም ጋር ያልተያያዘ ወቅታዊ ምርመራን ከሽፋኑ ውጭ አድርጓል። ስትታመም ብቻ ና፣ ከተነቀለ ደግሞ መተኪያው በራስህ ነው እንደ ማለት ነው። በእኔ እምነት ይህ የሕክምናውን ቅደም ተከተል የገለበጠ አሠራር ነው።

ጥርስን ሳያክሙ የመቆየት ዋጋ የት ድረስ እንደሚሄድ ለማየት ከልደታ ክፍለ ከተማ መውጣት አያስፈልግም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የሕፃናት የልብ ሕክምና ማዕከል አለ። የቶንሲል ሕመም አስከትሎባቸው የልብ ቫልቫቸው የተጎዳ ልጆች አገራችን ውስጥ ብዙ ናቸው። ከተበላ ጥርስና ከሚደማ ድድ ወደ ደም የሚገባ ባክቴሪያ በተጎዳ ቫልቭ ላይ ሊያርፍና ሊገድል ይችላል። ለዚህ ነው የቫልቭ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ታካሚ አስቀድሞ ጥርሱ የሚታየው።

መፋቂያን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው የሚያዩ አሉ፤ ተሳስተዋል። የወይራ እንጨት በወጉ ከተፋቀበት ያጸዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም መፋቂያ ይበረታታ ብሏል። የሚጎድለው ፍሎራይድ ነው፤ ስለዚህ ማታ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽና ተፍቶ አለመጉመጥመጥ ይጠቅማል። ስለ ፍሎራይድ ከተነሳ፣ ስኳሩን የሰጠን ወንጂ በዚህም ስሙ ይነሳል። የጉድጓድ ውኃው የያዘው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር በብዙ እጥፍ ይበልጥ ስለነበር የእርሻው ሠራተኞች ልጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ በቀለ፤ የብዙ አዛውንት ሠራተኞችም አጥንት ተጎዳ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ይህን አጥንተው ጽፈዋል።

ግግ ማስወጣትንም ሳላነሳ አላልፍም። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ድዱ ተሰንጥቆ የሚወጣው “ትል” ገና ያልበቀለ የክራንቻ ጥርስ ነው። ሕፃኑ ከደም መፍሰሱና ከኢንፌክሽኑ ቢተርፍ እንኳ ከሥሩ የሚመጣው ቋሚ ጥርስ ሊበላሽ ይችላል፤ ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ልጆች አፍ ውስጥም ሐኪሞች ይህንኑ አይተዋል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ1990ዎቹ ሲጀመር ከ16ቱ ፓኬጆች አንዱም በጥርስ ስም አልተሰየመም። ባለሙያዋ ግን ዛሬም የልደታን ግቢዎች ታንኳኳለች፤ ክትባት ትጠይቃለች፣ መጸዳጃ ቤት ታያለች። የስድስት ዓመቱን ልጅ አፍህን ክፈት ብላ የኋላ መንጋጋውን ለማየት የሚያስፈልጋት የእጅ ባትሪ ብቻ ነው፤ ጥቁር ነጥብ ካየች ወደ ጤና ጣቢያ የምትልክበት ወረቀትም በእጇ አለ።