ስለ ቡና ማሳ ታሪክና ስለ ልኬቱ ትክክለኛነት

ቡና አምራች ገበሬ ምርቱን ወደ ገበያ ሲያወጣ ከጥንት ጀምሮ የሚጠየቀው ስለ ቡናው ጥራትና ስለ ክብደቱ ነበር። ዛሬ ግን ሦስተኛ ጥያቄ ተጨምሯል፤ ይኸውም ቡናው የበቀለበት ማሳ የት እንደሆነና ማሳው በቅርብ ጊዜ ደን ተመንጥሮ የተገኘ መሆን አለመሆኑ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ቡና፣ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ወደ አውሮፓ ገበያ ለመግባት ይቸገራል። ስለዚህ ገበሬውና የልማት ሠራተኛው አንድን ማሳ እንዴት እንደሚመረምሩና መረጃውንም ያለ ስሕተት እንዴት እንደሚመዘግቡ ከዚህ በታች እንገልጻለን።

1/ ሕጉ ምን ይላል?

የአውሮፓ ኅብረት በግንቦት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ቡናን ጨምሮ በሰባት ዓይነት ሸቀጦች ላይ ቁጥጥር ደንግጓል። የሕጉ ዋና ቃል ይህ ነው፤ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደኑ ጠፍቶ ወደ እርሻ በተለወጠ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ አገሮች አይገባም። ይህ ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ነው። ከዚህም ጋር ቡናው በአምራቹ አገር ሕግ መሠረት የተመረተ መሆን አለበት።

ቁጥጥሩ የሚጀመርበት ቀን ሁለት ጊዜ ተላልፏል። በታኅሣሥ ወር 2018 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ፣ ለትልልቅና ለመካከለኛ ድርጅቶች ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ለትንንሾቹ ደግሞ ሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም. እንዲሆን ተወስኗል። ነገር ግን አስተውሉ፤ የተላለፈው ቁጥጥሩ የሚጀመርበት ቀን እንጂ ማሳው የሚመዘንበት ቀን አይደለም። «ጊዜው ተራዝሟል» ብሎ ዛሬ ደን የሚመነጥር ሰው፣ ቡናው ለፍሬ ሲደርስ በዚያ ገበያ ገዢ አያገኝም።

በሕጉ አነጋገር ደን ማለት ስፋቱ ከግማሽ ሄክታር የሚበልጥ፣ ዛፎቹ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝሙ፣ የቅርንጫፋቸውም ጥላ ከመሬቱ ከመቶ 10 እጅ በላይ የሚሸፍን፣ ዋና አገልግሎቱም እርሻ ያልሆነ መሬት ነው። በዋንዛ፣ በብርብራና በሰሳ ጥላ ሥር የቆየ የቡና እርሻ ግን ዛፍ ቢበዛበትም እርሻ ተብሎ ይቆጠራል።

2/ የማሳው ንጽሕናና የመረጃው ንጽሕና የተለያዩ ናቸው

ገዢው ማሳችሁን በእግሩ መጥቶ አያይም። የማሳውን ቦታ በቁጥር ተቀብሎ ከሳተላይት ፎቶግራፍና ከደን ካርታ ጋር ያስተያያል። ስለዚህ ቁጥሩ የተሳሳተ እንደሆነ፣ ደን ነክቶ የማያውቅ ገበሬ እንደ መንጣሪ ሊታይ ይችላል፤ የመነጠረውም ሰው እንደ ንጹሕ ሊያልፍ ይችላል።

ካርታውም ራሱ ይሳሳታል። የጥላ ቡና ከሰማይ ሲታይ ደን ይመስላል። በዚህ ምክንያት ገበሬው ጥላውን ቢያሳሳ ወይም ያረጀ ቡናውን ቢጎነድል፣ ካርታው «እዚህ ቦታ ደን ተቆርጧል» የሚል ምልክት ሊያሳይ ይችላል። በተቃራኒውም በትልልቅ ዛፎች ሥር የተደረገ ምንጠራ ከላይ ላይታይ ይችላል። እንግዲህ የካርታውን ስሕተት ማረም የሚችለው በቦታው የተገኘ ሰው የጻፈው እውነተኛ መዝገብ ብቻ ነው። ቡና ስትጎነድሉ ወይም የጥላ ዛፍ ስትቆርጡ ቀኑን፣ ምክንያቱንና የተቆረጠውን ብዛት ጻፉ፤ የልማት ሠራተኛውም አይቶ ይመዝግብ።

3/ የማሳው ሥጋት እንዴት ይመዘናል?

ማሳዎችን በሦስት ክፍል መመደብ ይቻላል።

ሀ/ ሥጋቱ ዝቅተኛ የሆነ ማሳ። ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በፊት የተተከለ የጓሮ ወይም የጥላ ቡና፣ እንዲሁም ቀድሞ በቆሎ፣ ጤፍ ወይም ሌላ ሰብል ይዘራበት በነበረ መሬት ላይ በኋላ የተተከለ ቡና በዚህ ይመደባል። ለማስረጃ የግንዱ ውፍረት፣ የቀድሞ ጉንደላ ምልክት፣ የይዞታ ደብተርና የጎረቤት ምስክርነት ይጠቅማሉ። ከቆመ ደን ውስጥ ደኑ ሳይነካ የሚለቀም የጫካ ቡናም ምንጠራ የለበትም፤ ይሁን እንጂ ለቃሚው በቦታው የመልቀም መብት ያለው መሆኑ መጻፍ አለበት።

ለ/ መመርመር ያለበት ማሳ። ከደን ጋር የሚዋሰን፣ ወይም ከቀኑ በኋላ ጥላው በብዛት የተቆረጠበት፣ ወይም ካርታ ምልክት ያሳየበት ማሳ ነው። ይህን የልማት ሠራተኛው በእግሩ ሄዶ፣ ድንበሩን ዞሮ ማየት አለበት። በተለይ እንደ ከፋና እንደ ያዩ ባሉት የተጠበቁ ደኖች ዙሪያ የሚገኝ ማሳ ሳይታይ «ዝቅተኛ» ተብሎ መጻፍ የለበትም።

ሐ/ ሥጋቱ ከፍተኛ የሆነ ማሳ። ከተባለው ቀን በኋላ ደን ተመንጥሮ ቡና የተተከለበት ነው። ትልልቆቹ ዛፎች ቢቀሩም፣ ሥራቸው ተመንጥሮ መሬቱ ወደ ቡና እርሻ ከተለወጠ ጥያቄ ያስነሣል። ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር አለ። ደን የሚባለው የተፈጥሮ ደን ብቻ አይደለም። ከግማሽ ሄክታር የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ደን፣ ገበሬው ራሱ ተክሎት ቢሆንም፣ ከቀኑ በኋላ ተነቅሎ ቡና ቢተከልበት እንደ ምንጠራ ይቆጠራል።

4/ ዘመኑን ስትጠይቁ ተጠንቀቁ

የመቍረጫው ቀን በ2013 ዓ.ም. መካከል ላይ ይውላል። ስለዚህ ገበሬው «በ2013 ተከልሁ» ቢል መልሱ አልተሟላም። ቀኑ ከገና አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ስለሚውል፣ «ከ2013 ገና በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብሎ መጠየቅ ነገሩን ያቀርበዋል። ቡና የሚተከለው ባብዛኛው በክረምት ስለሆነ፣ የ2012 ክረምት ከቀኑ በፊት፣ የ2013 ክረምት ግን ከቀኑ በኋላ መሆኑን ማስታወስም ይረዳል።

ከዚህ የባሰ ስሕተት አለ። በእኛ አቆጣጠር 2014 ተብሎ የተጻፈውን የአውሮፓ ሰው እንደራሱ ቢያነበው፣ ከቀኑ በፊት የተተከለ ይመስለዋል። ይህ በኋላ ሲታወቅ ማጭበርበር ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ በያንዳንዱ ቀን አጠገብ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ይጻፍ።

5/ ቦታውን ስለ መለካት

ከ4 ሄክታር የማይበልጥ ማሳ በአንድ ነጥብ ሊመዘገብ ይችላል። ከ4 ሄክታር የሚበልጠው ግን ዙሪያው ተለክቶ ፖሊጎን የሚባለው የድንበር መሥመር መቅረብ አለበት። የጥማድ ልክ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ ገበሬው በጥማድ የነገረውን ወደ ሄክታር ስትለውጡ የአካባቢውን ልክ አረጋግጡ።

ነጥቡ ሁለት ቁጥሮች አሉት፤ እነርሱም ኬክሮስና ኬንትሮስ ናቸው። ከነጥብ በኋላ ስድስት አኃዝ መጻፍ ያስፈልጋል። ምክንያቱን እነሆ፤ ሁለት አኃዝ ብቻ ቢጻፍ፣ በመጨረሻው አኃዝ የአንድ ቁጥር ልዩነት ቦታውን 1 ኪሎ ሜትር ያህል ያርቀዋል። በሦስት አኃዝ 110 ሜትር ያህል፣ በአራት አኃዝ 11 ሜትር ያህል ይሆናል። የግማሽ ሄክታር ማሳ 50 ሜትር በ100 ሜትር ስለሆነ፣ በሁለት አኃዝ የተጻፈ ነጥብ ከጎረቤት ደን ውስጥ ሊያርፍ ይችላል። የጎደለውን አኃዝ በዜሮ መሙላትም መረጃውን አያሻሽለውም።

በሜዳ ላይ የሚከተለው ይፈጸም።

ሀ/ ነጥቡ ከማሳው መካከል ይወሰድ። ከገበሬው ቤት ደጃፍ፣ ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወይም ከቡና ማጠቢያ ጣቢያ የተወሰደ ነጥብ ዋጋ የለውም።

ለ/ በጥላ ሥር ስልክም ሆነ ጂ.ፒ.ኤስ. ይሳሳታል። ቅጠሉ ሳሳ ባለበት ቦታ ቁሙ፤ መሣሪያው የሚያሳየው የስሕተት ልክ ወደ 5 ሜትር እስኪወርድ ጠብቁ።

ሐ/ ፖሊጎን ስትለኩ ድንበሩን ተከትላችሁ ዙሩ፤ በየማዕዘኑ ነጥብ ውሰዱ፤ ከተነሣችሁበት ተመልሳችሁ ዝጉ። የገዛ ራሱን የሚያቋርጥ መሥመር ተቀባይነት የለውም።

መ/ ገበሬው በሦስት ቦታ ቡና ቢኖረው ሦስት መዝገብ ይኑረው።

ሠ/ መሣሪያው ደብሊው.ጂ.ኤስ. 84 በተባለው የልኬት ሥርዓት ላይ ይሁን። በአገራችን የቀድሞ ካርታዎች የተሠሩበት አዲንዳን የተባለው ሥርዓት ሳይለወጥ ቢገለበጥ፣ ማሳው 200 ሜትር ያህል ከቦታው ይሸሻል።

6/ መዝገቡን ከመላክ በፊት ስለ መፈተሽ

የልማት ሠራተኛው ቢሮ ሲመለስ እነዚህን ይመርምር። በኢትዮጵያ ኬክሮስ ከ3 እስከ 15፣ ኬንትሮስ ደግሞ ከ33 እስከ 48 ድረስ ነው። ሁለቱ ቦታ ከተለዋወጡ፣ በጅማ አካባቢ 7.673412 እና 36.834951 ተብሎ የተለካ ማሳ በአልጄርያ አናባ ከተማ አጠገብ ያርፋል። አንዳንድ የኮምፒዩተር መዝገብ ኬንትሮስን አስቀድሞ ስለሚጽፍ ይህ ስሕተት ብዙ ጊዜ ይደርሳል።

እንደዚሁም የብዙ ገበሬዎች ነጥብ አንድ ዓይነት እንዳይሆን፣ የሁለት ጎረቤቶች ፖሊጎን እንዳይደራረብ፣ የተጻፈው ስፋትም ከተለካው እንዳይርቅ ይታይ። ምርቱም ከስፋቱ ጋር ይነጻጸር። ከሩብ ሄክታር ሃያ ኩንታል ንጹሕ ቡና ተሸጠ ቢባል የማይታመን ነው፤ የሌላ ማሳ ቡና ተቀላቅሏል ማለት ነው። ስሕተት ሲገኝ በግምት አይታረም፤ እንደገና ሄዶ መለካት ነው።

7/ የአንዱ ጥፋት ለብዙዎች ይተርፋል

ሕጉ ምንጩ ያልታወቀ ቡና ከታወቀው ጋር መቀላቀልን አይፈቅድም። የብዙ ገበሬዎች እሸት በአንድ ማጠቢያ ጣቢያ፣ ጀንፈሉም በአንድ መጋዘን እንደሚሰበሰብ ታውቃላችሁ። እንግዲህ ተለይቶ ካልተቀመጠ፣ አንድ ከምንጠራ የመጣ ወይም በሐሰት የተመዘገበ ቡና የጎረቤቶቹን ሁሉ ጭነት ሊያስቀር ይችላል። በሥጋት የተመደበ ማሳ ምርት ለብቻው ይሰብሰብ፤ ከምንጠራ ማሳ የተገኘ ቡናም ከአውሮፓ ጭነት ይለይ። ገበሬውን ለመርዳት ተብሎ እውነቱን መደበቅ ማኅበሩን በጠቅላላው ይጎዳል።

ገበሬው ልኬቱን ለግብር ወይም ለመሬት ቅነሳ የመጣ መስሎት ሊሠጋ ይችላል። የልማት ሠራተኛው ከመለካቱ በፊት ምክንያቱን በግልጽ ያስረዳ፤ ይህ ልኬት የይዞታ ደብተርን እንደማይተካም ይንገር። እናንተም ገበሬዎች ስማችሁ፣ የማሳችሁ ነጥብ፣ ስፋቱና የተከላው ዘመን የተጻፈበትን ቅጂ ጠይቃችሁ ተቀበሉ፤ ከይዞታ ደብተራችሁም ጋር አኑሩት። ካርታ ተሳስቶ ማሳችሁ ደን ነበር ቢባል የምትከራከሩበት ማስረጃ እርሱ ነው። ስለዚህ የዘንድሮው ለቀማ ሳይጀመር፣ ማሳችሁ የተለካ እንደሆነ ቁጥሩን ከልማት ሠራተኛው ጋር ሆናችሁ አስተያዩ፤ ያልተለካ እንደሆነም አሁኑኑ አስለኩ።