ካሳቫና ስኳር ድንች በበቆሎ ፈንታ ለአሳማ መኖ

በኡጋንዳ በብዙ አነስተኛ ገበሬዎች ግቢ አሳማ ይረባል። ከርባታው ወጪ ሁሉ የሚከብደው የመኖው ነው። በቆሎ ደግሞ ሰውም የሚመገበው እህል በመሆኑ ዋጋው በተወደደ ቁጥር አርቢው ይቸገራል። ከማሳው ግን ካሳቫና ስኳር ድንች አይታጣም። ታዲያ በአንድ ኪሎ በቆሎ ፈንታ አንድ ኪሎ ካሳቫ ቢሰጥ ምን ይሆናል?

በመጀመሪያ ውሃው ይታሰብ። ከእርጥብ ካሳቫ ከመቶ 65 ያህሉ ውሃ ስለሆነ፣ አንድ ኪሎ በቆሎን ለመተካት ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ያስፈልጋል።

ዋናው ጉዳይ ግን ፕሮቲን ነው። የደረቀ ካሳቫ ኃይል በመስጠት ከበቆሎ ጋር ይቀራረባል፤ በፕሮቲን ግን በቆሎ ከመቶ 9 ያህል ሲኖረው ካሳቫ 2 ያህል ብቻ አለው። ስለዚህ አሳማው ጠግቦ ይተኛል እንጂ እንደሚገባው አያድግም። አንዳንድ አርቢዎች «ካሳቫ አይረባም» የሚሉት በዚህ የተነሣ ይመስለናል።

ነገሩን በክፍል ውስጥ እናስላው። ማዕድንና ቫይታሚኑን ለጊዜው ትተን፣ በማደግ ላይ ላለ አሳማ ከመቶ 16 ፕሮቲን ያለው መኖ እናዘጋጅ እንበል። ከመቶ 44 ፕሮቲን ያለው የአኩሪ አተር ፋጉሎ በእጃችን አለ። ለ100 ኪሎ ድብልቅ 80 ኪሎ በቆሎና 20 ኪሎ ፋጉሎ ይበቃል። በበቆሎው ቦታ ደረቅ ካሳቫ ሲገባ ግን 67 ኪሎ ካሳቫና 33 ኪሎ ፋጉሎ ግድ ይሆናል። እንግዲህ የካሳቫው ርካሽነት የተጨማሪውን 13 ኪሎ ፋጉሎ ዋጋ መሸፈን አለበት፤ ካልሸፈነ ትርፉ ድካም ነው። መምህራን ተማሪዎቻቸውን የአካባቢያቸውን የገበያ ዋጋ አስይዘው ቢያሠሯቸው መልካም ነው። በኡጋንዳ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚጠመደው ሙኬኔ የተባለው ደቃቅ ዓሣም ደርቆ የፋጉሎውን ቦታ በከፊል ይይዛል።

ካሳቫ፣ በተለይ መራራው፣ ሳያናይድ የተባለውን መርዝ ያመነጫል። ልጦ፣ በስሱ ቆራርጦ፣ በፀሐይ አድርቆ መስጠት መርዙን ይቀንሰዋል። ስኳር ድንች ይህ ችግር የለበትም፤ ሆኖም ጥሬው ፕሮቲን በሚገባ እንዳይፈጭ የሚያግድ ንጥረ ነገር ስላለው ቢቀቀል ይሻላል። ማገዶውም ወጪ መሆኑ አይዘንጋ!

ብዙ ጊዜ የሚጣለው የስኳር ድንች ሐረግ ግን ከሥሩ የበለጠ ፕሮቲን አለው። በመኸር ጊዜ የተረፈውን ሐረግ ከትፎ፣ ጥቂት አጠውልጎ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አየር እንዳይቀር ጠቅጥቆ ማሰር ነው። አየር በሌለበት የሚራቡት ባክቴሪያዎች አሲድ ስለሚፈጥሩ መኖው ሳይበሰብስ ለወራት ይቆያል። ከረጢቱን አይጥ ከበሳው ግን ይሻግታል።