ቀምሶ መግዛት፣ ሞክሮ መግዛት፣ አምኖ መግዛት

የገበያ ቅኝት ከድሬዳዋ

በቀፊራ ገበያ ቴምር የምትሸጥ ሴት ፊት የቆመ ሰው ሳይቀምስ አይሄድም። «ቅመስ አቦ! ለቅምሻ ገንዘብ አይጠየቅም» ትልና አንድ ፍሬ ትዘረጋለች። ቀምሶ ባይገዛም አትቀየምም፤ ነገ ተመልሶ እንደሚመጣ ታውቃለች። ከእርሷ ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ ካለው ሱቅ የታሸገ እርሾ አንስቶ «ይሠራል ወይ?» ብሎ ለሚጠይቅ ግን የሚሰጠው መልስ «አብሽር፣ ሁሉም ሰው የሚወስደው ይህንኑ ነው» የሚል ነው። ፊት የሚያፈካ ክሬም ከሚሸጠው ዘንድ ሲደርሱ ደግሞ ጥያቄውም ይቀራል። እዚያ ያለው «በአንድ ሳምንት ለውጡን ታዪዋለሽ» የሚል ተስፋ ብቻ ነው።

የምጣኔ ሀብት ትምህርት እነዚህን ሦስት ሻጮች በሦስት መደብ ያስቀምጣቸዋል። አንደኛው ጥራቱ ከመግዛት በፊት የሚታወቅ ሸቀጥ ነው። ሁለተኛው ጥራቱ የሚታወቀው ተገዝቶ ሥራ ላይ ሲውል ነው። ሦስተኛው ከተጠቀሙበት በኋላም ጥሩ ይሁን መጥፎ በቀላሉ የማይለይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊሊፕ ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1970 ሲለዩ፣ ሦስተኛውን ማይክል ዳርቢና ኤዲ ካርኒ በ1973 ጨመሩ። በዚያው በ1970 ጆርጅ አከርሎፍ ያገለገሉ መኪኖችን ምሳሌ አድርገው፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት ገበያ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን ሊያስወጣ እንደሚችል አሳዩ። በ2001 የኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት አንዱ የሆኑትም በዚህ ዓይነት ሥራቸው ነው።

ይህ ሁሉ ከቀፊራ የወር አስቤዛ ጋር ምን አገናኘው? ባለፈው ወር እናቴና እኔ ለቤት የሚገዛውን ሁሉ በሁለት በሁለት ዓይነት፣ በትንሽ በትንሹ ገዝተን ለመሞከር ወሰንን። ፓስታ፣ ዘይት፣ የዱቄት ወተት፣ እርሾ፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቀሲልና ሂና ነበሩ። ሐሳቡ የእኔ ቢሆንም ዋናዋ ፈታሽ እናቴ ነበረች።

የሚጠፋው የሸማች ዕውቀት

ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስባት ነው። ከዚያ ወዲህ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሸቀጥ ለድሬ ሰው እንግዳ ሆኖ አያውቅም። እንግዳ የሚሆንበት የሸቀጡ ስም መለዋወጥ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት ለ38 ዓይነት የገቢ ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይሰጥ ሲከለክል የውበት መጠበቂያዎች፣ ሽቶና ቸኮሌት በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ክልከላው የተነሣው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ የብር ዋጋ ወረደ።

ነጋዴው ምንዛሪ ባገኘበትና ዋጋ በተመቸው መጠን አስመጪውንም አገሩንም ይቀይራል። በኮንትሮባንድ የሚገባው ደግሞ ጨርሶ አድራሻ የለውም። በዚህ መካከል የሸማቹ ዕውቀት ይባክናል። አንዲት እናት ሦስት ዓይነት እርሾ ሞክራ አንዱን ከመረጠች በኋላ በሚቀጥለው ወር የመረጠችው ከመደርደሪያ ላይ ከጠፋ፣ ለሙከራ ያወጣችው ገንዘብ አብሮ ጠፋ ማለት ነው። እንደገና ከዜሮ ትጀምራለች።

ድስቱ የሚመሰክረው

ምግብ ከሦስቱ መደቦች ቀላሉ ነው፤ ቢበላሽ ጉዳቱ በአብዛኛው የአንድ ቀን ምሳ ነው። ሁለቱን ፓስታዎች እኩል መዝነን፣ በእኩል ውኃ፣ ለእኩል ደቂቃ ቀቀልናቸው። አንደኛው ውኃውን ብዙ ሳያደፈርስ ቅርጹን ጠብቆ ወጣ። ሁለተኛው ውኃውን ነጭ አድርጎ እርስ በርሱ ተጣበቀ። ጥሩ ፓስታ ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴ ይሠራል፤ ከዳቦ ስንዴ የተሠራው ስታርቹን ቶሎ ወደ ውኃው ይለቃል። በኪሎ ርካሽ የነበረው ይኸው ሁለተኛው ነው። እናቴ ቀምሳ «ይህ ለሾርባ ይሁን» ብላ ፈረደች።

በፓስታ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈውን ደቂቃም እንደ ሕግ አይዩት። ውኃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ድሬዳዋ በ96 ዲግሪ አካባቢ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ከተጻፈው ትንሽ መጨመር ያስፈልጋል። «አልበስል አለ» ተብሎ የሚታማው ፓስታ ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም።

ዘይትም ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። ከድሬ ተገዝቶ አዲስ አበባ የተወሰደ የፓልም ዘይት በክረምት ጠዋት ረግቶ ሲገኝ «ተበርዟል» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የፓልም ዘይት በብርድ መርጋቱ የተፈጥሮው ነው፤ የድሬ ሙቀት ይህን ጠባዩን ይደብቀዋል። የሱፍ ዘይት ተብሎ የተሸጠ ዘይት በዚያው ብርድ እንደ ሞራ ከረጋ ግን መጠራጠር ተገቢ ነው። እናም ሙከራው ቀላል ነው፤ በትንሽ ብርጭቆ አድርጎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር።

የዱቄት ወተት ላይ መቅመስ ብቻውን አይበቃም። ከገዛናቸው ሁለቱ አንደኛው ሙሉ ወተት ሲሆን፣ ሌላው የወተቱ ቅባት ወጥቶ በአትክልት ስብ የተተካበት ነው። ሻይ ውስጥ ገብተው ሲቀርቡልን አንዱን ከአንዱ መለየት አልቻልንም። ልዩነቱ በጀርባው በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር። የዋጋው ልዩነት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ነገር ግን ያላነበበ ሰው «ርካሽ ወተት አገኘሁ» ብሎ ይሄዳል።

የሃያ ብር ቁጠባ

የመጋገሪያ ነገር ሲመጣ ሂሳቡ ይከብዳል። በሰፈራችን ማለዳ ዳቦ ጋግራ የምትሸጥ ጎረቤት አለችን። አንድ ቀን ከለመደችው በትንሽ ብር የሚቀንስ እርሾ አግኝታ ገዛች። ሌሊት ያቦካችው ሊጥ እስከ ንጋት እንደ ድንጋይ ቁጭ አለ። ዱቄቱ፣ ስኳሩ፣ ዘይቱ ሁሉ አብሮ ሄደ። በዚያ ሳምንት ዕቁቧን መጣል አቅቷት ከእናቴ ተበደረች።

ለስሌት ያህል ቁጥር እንስጠው። አንድ ጊዜ ለመጋገር ጠቅላላ ወጪው 1,200 ብር ነው እንበል፤ ከዚህ ውስጥ እርሾው 50 ብር ነው። ርካሹ እርሾ 30 ብር ቢሆን 20 ብር ይተርፋል። ያ እርሾ ቢከሽፍ ግን የሚጠፋው 30 ብር ሳይሆን 1,180 ብር ነው። ማለትም ርካሹ እርሾ ከ59 ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ቢከሽፍ እንኳ ቁጠባው ሁሉ ዜሮ ይሆናል። ከዚያ በላይ ከከሸፈ ኪሳራ ነው። በአንድ ምርት ውስጥ ትንሹን ዋጋ የያዘው ዕቃ ትልቁን ኪሳራ ሊያመጣ ይችላል ማለት ይህ ነው።

መልካሙ ነገር ይህን ኪሳራ ለመከላከል ላቦራቶሪ አያሻም። ግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ ይበቃሉ። ውኃው የእጅ አንጓ ላይ ሲያንጠባጥቡት ሞቅ የሚል እንጂ የማያቃጥል ይሁን፤ በጣም የጋለ ውኃ እርሾን ይገድለዋል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አረፋ ከነሰነሰ እርሾው ሕያው ነው። ዝም ካለ ሊጡንም ዝም ያሰኘዋል። እኛ ከሞከርናቸው ሁለቱ አንደኛው ብርጭቆውን ሊሞላ ሲደርስ፣ ሌላው ጥቂት አረፋ አሳይቶ ተኛ። የሚገርመው የሁለቱም የአገልግሎት ጊዜ አላለፈም ነበር። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ፀሐይ በሚያነደው መጋዘንና የጭነት መኪና ውስጥ ስንት ቀን እንደከረመ ማሸጊያው አይናገርም። በእንደ ድሬ ያለ ሙቀት ውስጥ የተከፈተ እሽግ መደርደሪያ ላይ ሳይሆን በደንብ ተዘግቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

ለቤኪንግ ፓውደር አንድ ማንኪያ በጋለ ውኃ ላይ መነስነስ ነው፤ ወዲያው ካልፈላና ካልተንጫጫ ጊዜው አልፎበታል። ለቤኪንግ ሶዳ ደግሞ ሎሚ ወይም አቼቶ ጠብ ማድረግ ይበቃል።

ፊት ላይ የሚደረግ ቁማር

ወደ ውበት መጠበቂያው ስንመጣ የድሬ ገበያ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የቆየው ነው። ቀሲል ከቁርቁራ ዛፍ ቅጠል ተፈጭቶ የሚሠራ ዱቄት ሲሆን፣ ሲበጠበጥ እንደ ሳሙና አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ነው። የቀሲል ሻጭ ለገዢዋ መዳፏ ላይ ቆንጠር አድርጋ በውኃ ታሽላታለች። አረፋውንም፣ ሽታውንም፣ ቀለሙንም እዚያው ታያለች። ይህ እንደ ቴምሩ ነው።

ሂናም ጨዋ ከሆነ ራሱን ይገልጻል። ንጹሕ ሂና ለሰዓታት ቆይቶ ከብርቱካናማ እስከ ቀይ ቡናማ ቀለም ይሰጣል። በአጭር ጊዜ ጥቁር የሚያደርግ «ጥቁር ሂና» ግን ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የሚባል የፀጉር ቀለም ኬሚካል ይጨመርበታል። ቆዳን ሊያቆስልና ዕድሜ ልክ የሚቆይ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል።

ሁለተኛው መልክ ክሬሙ ነው፤ እዚህ ላይ ሙከራ አላደረግንም። ምክንያቱም ሙከራው ከሁለት ዓመት በፊት በቤታችን ተደርጓል። ታናሽ እህቴ ጽሑፍ ከሌለው ብልቃጥ የተቀዳ ክሬም ገዝታ ነበር። ሦስት ሳምንት ፊቷ ፈካ፣ ጓደኞቿም «ከየት ነው?» አሏት፤ ሁለቱ ገዙ። በሁለተኛው ወር ቆዳዋ ሳስቶ ደም ሥሯ ይታይ ጀመር፣ ስታቆመው ደግሞ እንደ ቃጠሎ ቀላ። የቆዳ ሐኪሟ ክሬሙ ኃይለኛ ስቴሮይድ ሳይኖረው እንደማይቀር ነግሯታል። እስካሁን ፀሐይ ላይ ስትወጣ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ትስባለች።

እነሆ ሦስተኛው መደብ ይህ ነው። ክሬሙ በሦስተኛው ሳምንት «ሠርቷል»፤ ለሁለት ጓደኞቿም ምስክር ሆኗል። ቤት ውስጥ የሚደረግ ሙከራ እዚህ ላይ ያታልላል። በክንድ ውስጠኛ ክፍል ትንሽ ቀብቶ ሁለት ቀን መጠበቅ ቶሎ የሚያሳክክ ነገርን ያሳያል እንጂ ሜርኩሪን አያሳይም። ቆዳ በሚያነጡ አንዳንድ ክሬሞች ውስጥ የሚገኘው ሜርኩሪ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ በእናት እጅ ወደ ሕፃን ሊሻገርም ይችላል። የሚናማታ ስምምነት ከአንድ ሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው የውበት መጠበቂያዎች ከእ.ኤ.አ. 2020 በኋላ እንዳይመረቱና እንዳይነገዱ ወስኗል።

ታዲያ ሸማች ምን ይዞ ይለይ? ስም፣ አምራች፣ አገርና የይዘት ዝርዝር የሌለውን ብልቃጥ አለመንካት የመጀመሪያው ነው። በዝርዝሩ ላይ «ሜርኩሪ» ወይም «ካሎሜል» ካለ መመለስ ነው። «ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚኒየም ጋር አይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያም የሜርኩሪ ምልክት ሊሆን ይችላል። የእጅ አምባሯን ለማትጥልበት ነገር ፊቷን የምትጥል ሴት አለች ብዬ አላምንም።

ማን ይሞክርልን?

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ጥራት ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ እንደማይገደድ ደንግጓል። የውበት መጠበቂያዎች ቁጥጥርም በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ተካትቷል። ነገር ግን መብቱ ደረሰኝ ይፈልጋል፤ ያለ ደረሰኝ የተገዛ ዕቃ ባለቤት የለውም።

የቤት እመቤት ቴምርና ቀሲሉን ቀምሳና አሽታ ትለያለች። ፓስታና እርሾውንም ትንሿን እሽግ ገዝታ ትፈትነዋለች፤ የትንሿ እሽግ ዋጋ በግራም ሲሰላ ቢበልጥም ልዩነቱን የመረጃ ዋጋ ብላ ትቁጠረው። ክሬሙን ግን ማንም ቤቱ ሊመረምረው አይችልም። የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጉልበት ከፓስታው ይልቅ እዚህ ላይ ቢበረታ፣ ሸማቹ ራሱ ሊሠራው የማይችለውን ሥራ ሠራለት ማለት ነው።

ጎረቤታችን ዛሬም ትጋግራለች። አዲስ እርሾ ሲመጣ ከአንድ ባለሱቅ አንድ እሽግ ብቻ ትወስድና ብርጭቆዋ ውስጥ ትፈትነዋለች፤ ካርቶኑን የምትገዛው ከሰዓት በኋላ ነው። ባለሱቁ መጀመሪያ «እኔን አላመንሽኝም?» ብሎ ተቆጥቶ ነበር። አሁን ለሌሎች ደንበኞቹ ሲሸጥ «ሁሉም ይወስደዋል» ማለቱን ትቶ፣ «እሷ ሞክራዋለች» ይላቸዋል።