የውሃ እናት አትናደፍም

ዝናብ ዘንቦ ሜዳው ላይ ውሃ ሲቋጠር፣ አራት ክንፍ ያላት ዓይነ ትልቅ በራሪ ከየት መጣች ሳይባል ትደርሳለች። ብዙዎቻችን የውሃ እናት እንላታለን። ልጆቻችን ግን «ትናደፋለች» ብለው በዱላ ያባርሯታል፤ ወይም ይዘው ክር ያስሩባታል። ያ ጅራት የመሰለው ሆዷ ነው፤ መናደፊያ የለውም። አጥብቀው ቢይዟት ግፋ ቢል ጣት ትነክስ ይሆናል እንጂ መርዝ የላትም።

በካኩማም ሆነ በሌላው ምሥራቅ አፍሪካ በቆመ ውሃ ዳር ከምናያቸው አንዷ ቀይዋ ናት። ወንዱ ከፊቱ እስከ ጅራቱ ጫፍ እንደ በርበሬ የቀላ፣ ሆዱ ጠፍጠፍ ያለ፣ ርዝመቱ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ክንፎቹ ሥራቸው ላይ ቢጫ ቀለም የፈሰሰባቸው ይመስላሉ። ሴቷ ወደ ቢጫ የምታደላ ቡናማ ስለሆነች ሌላ ዘር ትመስላለች። ሁለቱም ሲያርፉ ክንፋቸውን ዘርግተው ነው።

ማየት የሚፈልግ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ይሂድ። ወንዱ አንድ እንጨት ይመርጣል፤ ተነስቶ ሌላ ወንድ ያባርርና ተመልሶ እዚያው ያርፋል። ሴቷ ጅራቷን ውሃው ላይ ነካ ነካ ስታደርግ እንቁላል መጣሏ ነው። (የሚያብረቀርቅ የመኪና ጣሪያ ላይ እንዲህ የሚያደርጉ የውሃ እናቶችም አሉ፤ ውሃ መስሏቸው ነው፣ ያሳዝናሉ።) ልጆች ግን ለብቻቸው ወደ ኩሬም ወደ ታራች ወንዝም አይውረዱ። እኛ ዘንድ ሳይዘንብም ጎርፍ ይመጣል።

እጩ ውሃ ውስጥ ነው የሚያድገው፤ የታችኛውን ከንፈሩን እንደ እጅ እየወረወረ የትንኝ እጭ ይለቅማል። ካደገችም በኋላ ትንኝ አየር ላይ ትይዛለች። ታዲያ «እሷ ካለች ወባ አይነካንም» ሲባል እንሰማለን። እስቲ ሒሳቡን እንየው። በሙቀት አገር የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ በ10 ቀን ገደማ ትበራለች። የውሃ እናት ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያስፈልጓታል። ስለዚህ ከቧንቧው ሥር ተቋጥሮ በሁለት ሳምንት የሚደርቀው ውሃ ለትንኟ ይበቃል፤ ለጠላቷ አይበቃም። ከላዩ የውሃ እናት ስትዞር ብናይም ቦይ ቀደን እናፍስሰው። አጎበሩም አይቀርም፤ የወባ ትንኝ በብዛት የምትናከሰው ሌሊት፣ የውሃ እናት ተኝታ ሳለ ነውና።

ለወራት በማይደርቅ ኩሬ ዳር ግን ሣሩንና ሸምበቆውን ተመልከቱ። ጀርባው የተሰነጠቀ፣ ገለባ የመሰለ ባዶ ቅርፊት ተጣብቆ ካገኛችሁ፣ እጩ ወጥቶ ክንፍ አብቅሎ ሄዷል ማለት ነው። ልጆች ክር ከሚያስሩ ይህን ቢሰበስቡ ይሻላል፤ ስድስቱ እግሮች ሳይቀሩ ይታዩበታል።