በካሳ ብር የተነሣች ከተማ

ባሕር ዳርን ከተማ ያደረጋት ጣና ነው ይባላል። ጣናማ ድሮም ነበረ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የነበረችው ባሕር ዳር በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰባሰበች፣ ከዘጌ የሚመጣ ታንኳ ቡናና እንጨት የሚያራግፍባት፣ ከገበያዋ በቀር ሰው የማይጎበኛት ትንሽ ሰፈር ነበረች። ከተማ ያደረጋት የጦር ካሳ ነው።

ኢትዮጵያ ለአምስት ዓመቱ ወረራ ከጣሊያን የጠየቀችው ከ184 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። በ1939 ዓ.ም. የተፈረመው የፓሪስ የሰላም ውል 25 ሚሊዮን ዶላር ወሰነላት። ያም ቢሆን ሳይከፈል ዘጠኝ ዓመት ተጓተተና በ1948 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት በ16.3 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ። በመርዝ ጋዝ ላለቀው ሕዝብ፣ ለተቃጠለው መንደርና ለተዘረፈው ቅርስ ሁሉ ማለት ነው። ከዚያው ገንዘብ የቆቃ ግድብ ተሠራ፤ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ የባሕር ዳር ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ቆመ።

በዚያው ዘመን የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ያሸነፈችው አሜሪካ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሒሳብ ታወራርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የተመላሽ ወታደሮች ሕግ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን አስተማረ፣ አሠለጠነ፤ ቤት ለሚገዛውም መንግሥት ለብድሩ ዋስ ቆመለት። ጥቁሩ ወታደር ግን ባንኩም በሩን ዘጋበት፣ አዲሱ መንደርም አላስጠጋው አለ። ይህን ሁሉ ይዘን እንኳ አንድ ነገር መካድ አይቻልም፤ የዚያ ዘመን ብልጽግና ከፋብሪካው ደጅ ወጥቶ ሠራተኛው ቤት ገብቷል። የቤት ካርታ ሆኗል፣ ዲግሪ ሆኗል። በኋላ ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ዲትሮይት ሲፈርስ፣ ቢያንስ የሚሸጥ ቤት የነበረው ሰው ነበረ። የባሕር ዳርን ስድሳ ዓመት ስመለከት የማነጻጽረው በዚህ ነው፤ የመጣው ገንዘብ ማን ቤት ገባ?

መጀመሪያ ሁሉም ነገር በፍጥነት ነበር። ፋብሪካው መብራት ያስፈልገው ነበርና በ1956 ዓ.ም. ጢስ ዓባይ ላይ የውኃ ኃይል ማመንጫ ተተከለ። ከዚያ ዓመት ቀደም ብሎ ሶቪየቶች የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱን ከፍተው ነበር። የጀርመኑ የከተማ ፕላን ሊቅ ማክስ ጉተር ከነባልደረቦቹ ማስተር ፕላን ነደፈ። ንጉሡ ዋና ከተማውን ወደዚህ ሊያዞሩት ነው የሚለው ወሬም ያኔ የተነሣ ነው፤ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራታቸው ወሬውን አጠናከረው። ጣሊያን ከፈለ፣ ሶቪየት አስተማረ፣ ጀርመን ፕላን አወጣ። የራሳችን ድርሻ መሬቱና ጉልበቱ ነበር።

ጉልበቱ ደግሞ ከገጠር መጣ። የቆዩ ሰዎች እንደሚሉት «ጨርቃጨርቅ ነው የምሠራ» ማለት በሰፈሩ ሱቅ የዋስ ያህል ነበር፤ ባለሱቁ ስሙን ደብተሩ ላይ ያሰፍርና ዘይቱን፣ ስኳሩን፣ ላምባውን በዱቤ ይሰጠዋል፤ ደሞዝ ሲወጣ ይሰርዘዋል። የሌሊት ፈረቃ ሲለቀቅ በመንገዱ ዳር ሻይና አምባሻ የሚሸጡ እናቶች ተደርድረው ይጠብቃሉ። ዕቁቡ፣ ዕድሩ፣ ጠላ ቤቱ፣ የኪራይ ክፍሉ ሁሉ በፋብሪካው ሰዓት የሚሄድ ነበር። ከማቅለሚያው የሚወጣው ውኃ ሳይቀር መንገዱ ወደ ዓባይ ራስ ነው፤ ወንዙ ከሐይቁ ገና እንደወጣ የሚገናኘው ከዚያ ውኃ ጋር ነበር።

ከከተማው ወጣ ሲባል ታሪኩ ሌላ ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልቀበልም ብሎ ነፍጥ አነሣ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከበት፤ አልበገር ሲል ንጉሡ ራሳቸው መጥተው ውዝፍ ግብሩን ማሩት። የማስተር ፕላኑ ሰዎች ዘንባባ የሚተከልበትን ጎዳና ሲለኩ በጥቂት ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ መንደር ይቃጠል ነበር። ያንን ዘመን «ወርቃማ» የሚሉን ወዳጆቻችን ይህን ሲያስታውሷቸው ደስ አይላቸውም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። ተከራዩ እፎይ አለ፤ ኪራይ ወረደለት። ለተከራይ የታሰበ አዋጅ እንደነበር አልክድም። ነገር ግን ሰው ለኪራይ ቤት መሥራት አቆመ፤ ቀበሌውም የወረሰውን ማደስ አልቻለበትም። ጭቃው እየተላጠ፣ ቆርቆሮው እየዛገ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ወለሉ ላይ ባልዲ እየተደቀነ አንድ ትውልድ አደገ። ወዛደሩ በስሙ አብዮት ተካሄደለት እንጂ በስሙ ቤት አልወጣለትም። ሠላሳ ዓመት ፈትሎ ጡረታ የወጣው ሰው ከፋብሪካው ይዞ የወጣው የጡረታ ደብተሩን ብቻ ነው፤ የሚኖርበት ክፍል የቀበሌ ነው።

ሁለተኛው ማበብ የመጣው ከ1984 ዓ.ም. በኋላ፣ ከተማዋ የክልል መቀመጫ ስትሆን ነው። በ1987ቱ ቆጠራ 96,140 የነበረው የከተማዋ ነዋሪ በ1999 ዓ.ም. 155,428 ደረሰ። በ1992 ፖሊቴክኒኩና የመምህራን ማሠልጠኛው አካዳሚ ተጣምረው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። በጀት መጣ፣ ሆቴል መጣ፣ ኮንዶሚኒየም መጣ፣ ባጃጅ መጣ። ጨርቃጨርቅ ግን አልመጣም፤ ልባሽና የእስያ ጨርቅ ገበያውን ሲያጥለቀልቁት የድሮ ማሽን ይዞ ተንገዳገደና በኋላ ጥረት ወደተባለው ድርጅት ተዛወረ። አብሮትም የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ተጎዳ። በ1988 ዓ.ም. ጨረጨራ ላይ የሐይቁን መውጫ የሚቆጣጠር ግድብ ተሠራ፤ በ1993 ሁለተኛው ጢስ ዓባይ 73 ሜጋዋት ይዞ ሥራ ሲጀምር ውኃው ወደ ተርባይኑ ዞረና ፏፏቴው ሳሳ። ቱሪስቱን ያመጣው ውኃና መብራቱን የሚሰጠው ውኃ አንድ መሆኑን ያሰበበት ሰው እንዳልነበረ ነው የምገምተው።

ሦስተኛው ተስፋ እንደገና ጨርቅ ሆነ። ይህኛው ረጅም መንገድ የመጣ ነው። የማሳቹሴትስ ፋብሪካዎች ርካሽ ጉልበት ፍለጋ ወደ ካሮላይና ወረዱ፤ ከካሮላይና ወደ እስያ ተሻገሩ፤ እስያ ስትወደድ ደግሞ አጎዋ በሚባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ዕድል ተስበው ሐዋሳ፣ መቀሌ፣ ኮምቦልቻ ደረሱ። ባሕር ዳርም የኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠራላት። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. እንዳወጡት የኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ ከየትኛውም ልብስ ላኪ አገር ያነሰ። የግል ድርጅትን የሚያስገድድ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል አልነበረም። ከገጠር የመጣችው ልጅ ሹም አቦ ወይም ሽምብጥ ሰፈር ጓደኞቿን አሰባስባ አንድ ክፍል ለአራት ትከራያለች፤ ፍራሽ መሬት ላይ፣ ምድጃ በር ላይ። የአያቷ ዘመን ባለሱቅ በዱቤ ያምን ነበር፤ የዛሬው ሞባይሏን ያስይዛታል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ኮሮና፣ በ2013 የተነሣው የሰሜኑ ጦርነት፣ በታኅሣሥ 2014 አጎዋ መቋረጡ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና በክልሉ የቀጠለው ግጭት። ጀልባው ታሰረ፣ አስጎብኚው ሌላ ሥራ ያዘ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የቀረችውም ደሞዝ ሳሳች። በዚያው ዓመት ግንቦት 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመረቀ። ድልድዩ ያምራል፤ ማታ መብራቱን ለማየት የሚወጣው ሰው ብዙ ነው።

ከስድሳው ዓመት የከተማው ሰው እጅ ላይ የቀረው ትምህርቱ ነው። የሶቪየቶቹ ፖሊቴክኒክ ዛሬ የኢንጂነሪንግ ተቋም ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱን የቻለ የጨርቃጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ተቋም አለው፤ መሐንዲስ ያስመርቃል። ትምህርት ግን የሚኖሩበት ቤት አይሆንም፤ ተመራቂውም ሥራ ሲያጣ ትምህርቱን ይዞ አዲስ አበባ ይገባል። ቀጣዩ ባለሀብት ሲመጣ መሬት፣ መብራትና የግብር እፎይታ ይጠይቃል፤ ይሰጠዋልም። የሠራተኛው መኖሪያ በዚያ ውል ውስጥ የትኛው አንቀጽ ላይ እንደሚገባ ሲከራከር የሰማሁት ምክር ቤት ግን እስካሁን የለም።